ያልተነካው ምሰሶ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከዋሻው ጣሪያ ጥቂት አሸዋ ወረደ። ብዙ አይደለም፤ ቢሰፈር ሁለት ማንኪያ አይሞላም። መብራት የሚዘረጉት ሠራተኞች ግድግዳውን ሲሰረስሩ ውለው ራሳቸው ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ልብ ያለችው ባለሞረዷ ብቻ ናት። አሸዋው የወረደው ሠራተኞቹ ባሉበት በኩል አልነበረም። ከመሃል፣ ከምሰሶው አናት ላይ ነው የወረደው፤ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ክር ቀጥኖ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እግሯ አላርፍ አለ።

ባለሞረዷ አምሳ ዓመት ሞልቷታል። ሥራዋ ቢላና መቀስ፣ መጥረቢያና ምላጭ መሳል ነው፤ የምትስልበትንም ድንጋይ ፈልፍላ የምታወጣው ራሷ ናት። ሞረድ የሚባለው ይኸው ድንጋይ በከተማው ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። ያ ሁሉ ሞረድ የወጣው ደግሞ ከአንድ ቦታ ነው፤ ከከተማው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ጫካ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ካለ ትንሽ የአሸዋ ድንጋይ ዋሻ። ርዝመቱ አሥራ አምስት እርምጃ፣ ወርዱ ስምንት ነው። መካከለኛ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበታል፤ ረዥም ሰው ግን ባርኔጣውን ማውለቅ ይኖርበታል። መሃሉ ላይ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚያቅፈው ምሰሶ አለ። ማንም ያቆመው አይደለም፤ ሌላው ድንጋይ ተቆርጦ ሲወጣ እሱ ብቻውን የቀረ ነው።

የዋሻውን ታሪክ ማወቅ ለፈለገ ሰው ሁለት በር አለው። አንደኛው በር ታላቅ ወንድሟ ነው። ሰዉ "አፈ ማር" ይለዋል፤ ስሙ ይገባዋል። በሃያ ሁለት ዓመቱ "አቧራው ደረቴን በላው" ብሎ የአባቱን ሥራ ጥሎ ወጣና ከዚያ ወዲህ የኖረው በምላሱ ነው፤ አንዴ የሱቅ አሻሻጭ፣ አንዴ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ አሁን ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ አስጎብኚ። እሱ እንደሚለው በዋሻው ውስጥ አንድ ባሕታዊ ከተኩላ ጋር አርባ ዓመት ኖሯል። ሽፍቶች የዘረፉትን ተካፍለውበታል። ባሏን ያልወደደች ሙሽራም ሰባት ቀን ተደብቃበታለች፤ ጥሩ ጆሮ ካገኘ ቀኖቹን ስምንት ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛው በር እውነቱ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ግን ብዙ ሰው አይገባበትም። ቅድመ አያታቸው ዝናብ አባሮት ከአንድ ስንጥቅ ሥር ተጠለለ። ያኔ ስንጥቁ ቀበሮ እንኳ የማያዞር ነበር። ሥራ ፈት እጅ አያርፍምና የሰንጢውን ጭቃ ከድንጋዩ ጋር ሲፈትግ፣ ዳቦ መቁረጥ ያቃተው ሰንጢ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ሰውየው ደሙን እየላሰ ሳቀ ይባላል። የመጀመሪያውን ሞረድ ያወጣው በማግስቱ ነው፤ ከዚያ ልጁ፣ ከዚያ የልጁ ልጅ። ዋሻው እንግዲህ ባሕታዊም ሽፍታም የቆፈረው አይደለም። ሲቆረስ ሲቆረስ የሰፋ ነው፤ የጎደለው ድንጋይ ዛሬም በየወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ መሃል የቤተሰቡ ሕግ አንድ ነበር። አባት ለልጁ መሮ ሲሰጥ ወደ ዋሻው ይዞት ይገባና መዳፉን ምሰሶው ላይ አስደርጎ፣ "ከጀርባ ቁረጥ፣ ከጎን ቁረጥ፤ ይህን አትንካ" ይለዋል። ክፋቱ፣ ከዋሻው ሁሉ እንደ ምሰሶው ያለ ድንጋይ የለም። ልሙጥ ነው፤ ምላጭ ቢሳልበት ጸጉር ለሁለት ይሰነጥቃል። አትንካ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ጥሩው ነው፤ መጥፎውንማ ማን ይነካዋል?

ማዘጋጃ ቤቱ ዋሻውን ለጎብኚ ሊከፍት ሲወስን አፈ ማር ይህንንም ታሪክ ጨመረበት። በሩ ላይ በሚተከለው ሰሌዳ ላይ ትልቁ ጽሑፍ "ያልተነካው ምሰሶ" የሚል ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ የሞረድ ሠሪዎቹ ቤተሰብ መቶ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያወጣ ከዚህ ምሰሶ አንዲት ፍንካች አልወሰደም ይላል። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ሪባኑ ይቆረጣል፤ መጀመሪያ የሚገቡትም አርባ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

ባለሞረዷ ግን ምሰሶውን ነክታዋለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አባቷ ሥራውን ሁሉ ያስተማራት የመጨረሻዋን ሲቀር ነበር። "ቢላ ትስያለሽ፣ መቀስ ትስያለሽ፤ ምላጭ ግን ያንቺ እጅ አይደለም" ይላት ነበር፤ ሳይቆጣ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው። ይህ አነጋገሩ ከስድብ በላይ አንገበገባት። አንድ ቀን እሱ ጉንፋን ይዞት ቤት ሲውል ብቻዋን ሄደች፤ ከምሰሶው ወገብ ላይ የመዳፍ ያህል ቆርጣ አወጣች። ጉድጓዱን እንዴት እንደምትሸፍነው ታውቃለች፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ማጥፋትም መሸፈንም የሚችል እነሱ ቤት ብቻ ነው። የዚያኑ ድንጋይ ዱቄት በኖራና በዛፍ ሙጫ አቡክታ ደረብ ደረብ አድርጋ ለሰነችው፤ በእርጥብ ጨርቅ ስታሻሸው ከድንጋዩ የሚለየው ጠፋ። ከዚያ በአዲሱ ሞረድ ምላጭ ስላ ለአባቷ ሰጠችው። አባቷ ጺሙን ተላጨበት። ስለቱን በጥፍሩ ሞከረው፣ እንደገና ሞከረው፣ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ "እጅሽ ይባረክ" አላት።

በሕይወቷ ከሰማችው ቃል ሁሉ የወደደችው ይህን ነው፤ ያፈረችበትም ይህንኑ ነው። ምርቃቱ የድንጋዩ እንጂ የእጇ አልነበረም፤ እሷ ታውቃለች። አባቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞት ሊነገረው የሚገባ ነገር ሳይነገረው ሞተ ብላ አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደች። መሐንዲሱ ወጣት ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጣት።

"ያ ምሰሶ..." አለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጠፋባት። "ጣሪያውን ይችለዋል?"

"እትዬ፣ ለክቼዋለሁ" አለና የስሌቱን ወረቀት አዙሮ አሳያት። "እንዲህ ያለ ጣሪያ ሁለት ቢደረብበት ይሸከማል። ውስጡ ሙሉ ድንጋይ እስከሆነ ድረስ።"

"ካልሆነስ?"

"ካልሆነማ ሌላ ነገር ነው" ብሎ ሳቀ። "ግን የሚያሰጋ ነገር የለም፤ እናንተ መች ነካችሁት?"

የሰሌዳው ጽሑፍ ናሙና ከኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ባለሞረዷ አየችው፤ "ተባረክ" ብላ ወጣች። ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ደረጃውን ወረደች፣ መልሳ ወጣች። ዘበኛው "የጠፋብዎት ነገር አለ?" ሲላት "የለም" ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሐሙስ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። አፈ ማር ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠውን አዲስ ኮት እየተኮሰ ንግግሩን ለመስታወቱ ይለማመድ ነበር።

"ጋሼ፣ የመጣሁት ስለ ምሰሶው ነው።"

"ምሰሶው ምን ሆነ?" ካውያውን ከኮቱ ላይ አነሳ።

"ማክሰኞ ከአናቱ አሸዋ ሲወርድ አየሁ።"

አፈ ማር ሞልቶ በተቀመጠው ብርጭቆ ላይ ሻይ ጨመረበት፤ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። "የአሸዋ ድንጋይ አሸዋ ካላወረደ ምን ሊያወርድ ነው፣ ወርቅ?" አለ። "ተይው እባክሽ። በስልሳ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው 'እርስዎ' ሊለኝ ነው፤ አንቺ አሸዋ ትቆጥሪብኛለሽ።"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ኮቱን አየችው፤ የደረቱ ኪስ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ አስቀድሞ ተሰክቷል። አሳዘናት። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ የፈሰሰውን ሻይ ጠርጋለት ተመለሰች።

አርብ ከልጇ ጋር ሥራ ቦታ ዋለች። ልጅቱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ትይዩ ባለው መቀመጫ ስትሠራ ብዙ አትናገርም። የከተማው ጸጉር አስተካካዮች ዛሬ ዛሬ ምላጫቸውን ለእሷ ይሰጣሉ። ዓምና የመጀመሪያዋን ምላጭ ስላ ስታመጣ እናቷ ጥፍሯ ላይ አሳርፋ ሞከረችው፤ ትንሽ ቆይታ "እጅሽ ይባረክ" ብላታለች። ያን ዕለት ልጅቱ በደስታ ሳህን ሰብራለች።

"እማዬ፣ ቢላውን ጨረስሽው እኮ" አለች ልጇ።

ባለሞረዷ ወደ እጇ አየች። የሥጋ ቆራጩ ቢላ ሲሳል ሲሳል እንደ ቅጠል ሳስቷል። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም። ቢላውን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ አየች፤ የሚታይ ነገር የለም።

"ምን ሆነሻል? ከማክሰኞ ጀምሮ ቁንጫ የበላው ሰው መስለሻል።"

"ምንም። የነገው መቀስ ደርሷል?"

"የሪባኑ? አዎ፤ ስዬ ጨርሻለሁ" አለች ልጅቱ፤ ዓይኗን ሳታነሳ።

ቅዳሜ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባለሞረዷ መዶሻና መሮ በቦርሳ ይዛ ሸለቆውን ወረደች። ሐሳቡ ተቆርጦላታል፤ የራሷን ልስን ከፍታ ጥልቀቱን ትለካለች። ትንሽ ከሆነ ዝም ትላለች፤ ትልቅ ከሆነ ትናገራለች። ሰው ከራሱ ጋር እንዲህ ያለ ውል ሲገባ መቼም ትንሽ እንዲሆንለት ነው።

አዲሱን መብራት አበራች። ምሰሶውን በመዶሻው እጀታ ቀስ ብላ መታችው። ሙሉ ድንጋይ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ልስን ሲመታ ድምፁ ይደፈናል። ወገቡ ላይ፣ በምታውቀው ቦታ ተደፈነ። አንድ ስንዝር ወደ ላይ ስትመታም ተደፈነ። እዚያ ግን ነክታ አታውቅም። የሳተች መስሏት እንደገና መታች። ያው ነው።

መሮውን አስገብታ ሸረፈችው። የላይኛው ልስን ተላቆ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ታየ፤ በጣት ተሻሽቶ የደረቀ ነው፤ የጣቶቹ ፈለግ አልጠፋም። ሦስት ረዥም፣ አንድ አጭር። አባቷ ሌባ ጣቱ ግማሽ ነበር፤ በወጣትነቱ የስለት መዘውር ቆርጦት። መዳፏን ፈለጉ ላይ አሳረፈች። ልቧ፣ አባቷ ስለቱን በጥፍሩ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ዝም ወዳለበት ጠዋት ሄደ። ያኔ ድንጋዩን ለየው፤ የማያውቀው ድንጋይ አልነበረምና። አውቆ ነው የባረካት። ሃያ ሁለት ዓመት አታለልሁት ብላ ያፈረችለት ሰው እሱም እንደሷ ሲያፍር ኖሯል። ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳያልቅ ተናደደች፤ ሞቶም ቢሆን እጁን ይዛ "ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?" ልትለው ፈለገች።

ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻለችም። ምሰሶውን እየዞረች መታችው። በሌላው ጎን የተከፈተው ልስን ውስጥ የፈረስ ጭራ ጸጉር ወጣ፤ ያ የአያቷ ዘዴ ነው፤ የቤታቸው አሮጌ ግድግዳም እንዲሁ የተለሰነ ነው። ሌላ ተገኘ፤ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ። ስድስት ስትደርስ ተንበረከከች፤ ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ፣ እንደገና ድምፁ ተደፈነ። ይኼኛው ልስን ለጋ ነው። ዱቄቱ እንደ ፊት ዱቄት የላመ ነው፤ በወንፊት የተነፋ አይደለም። በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ነው የተነፋው። እንዲህ የሚነፋ ሰው በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፣ ልጇ፤ ስቶኪንጉም የባለሞረዷ የራሷ ነበር።

ያን ጊዜ ትከሻዋ ላይ አሸዋ ወረደ። እንደ ማክሰኞው ክር አይደለም፤ እንደ ጣት ወፍሯል። መዶሻዋን እዚያው ጥላ ወጣች።

በአራት ሰዓት ሰዉ ሲመጣ በዋሻው በር ላይ ቆማ አገኛት። ፊት ፊት አፈ ማር በአዲሱ ኮት፣ ቀጥሎ መሐንዲሱ፣ ከኋላ መምህርቷና ሁለት ሁለት ሆነው የተሰለፉ አርባ ተማሪዎች ነበሩ። ልጇ መቀሱን በትሪ ይዛለች።

"ማንም አይገባም" አለች ባለሞረዷ።

"እህቴ ቀልድ ትወዳለች" አለ አፈ ማር ለሰዉ፤ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ግን በጥርሱ መሃል፣ "ምን እያደረግሽ ነው?" አላት።

"ምሰሶው ሙሉ አይደለም። ልስን ነው። እኔ ነኝ የቆረጥሁት።"

 መምህርቷ ምክንያት አልጠየቀችም፤ ተማሪዎቿን አዙራ ከትልልቆቹ ዛፎች ባሻገር ወዳለው ሣር ወሰደቻቸው። መሐንዲሱ ቀልቡ ተገፈፈ።

"የት ላይ ነው የቆረጡት፣ እትዬ?"

"ብዙ ቦታ።"

"ሁሉንም እርስዎ?"

ልጇን አላየቻትም። "ሁሉንም እኔ" አለች።

መሐንዲሱ የራስ ቁሩን አድርጎ ጠመኔ ይዞ ገባ። አፈ ማር እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት። ድምፁ ማር አልነበረም።

"አባታችንን ከመቃብር አውጥተሽ አደባባይ አሰጣሽው።"

"አባባን መች ጠራሁ? እኔ አልኩ እንጂ።"

"ሰሌዳው ላይ ያለው የሁላችንም ስም ነው።"

"ጋሼ፣ ልጆቹ ውስጥ ቢሆኑስ?" አለችው። "አንተ ከፊት ሆነህ ሙሽራዋን ስትተርክላቸው ጣሪያው ቢወርድስ?"

አፈ ማር ሊመልስ ነበር። ወደ ሣሩ አየ፤ አንዲት ተማሪ ጫማዋ ተፈትቶ ጎንበስ ብላ ታስራለች። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ እሱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ራሱ ዜና ነው።

መሐንዲሱ በጥድፊያ ወጣ፤ ኮሌታው አሸዋ ሞልቷል። "ስምንት ቦታ በጠመኔ ከብቤያለሁ" አለ። "ግን አልገባኝም። በስምንቱ ብቻ ቢሆን አሸዋው ከአናቱ ባልወረደ።"

 ከዚያ አፈ ማር የደረቱን ካርድ ነቀለና ኪሱ ከተተው።

"ዘጠኝ ነው" አለ። "ከጀርባ በኩል፣ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት። መሰላል ካልያዝክ አታገኘውም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትልቅ ነው፤ ሁለት ሞረድ ነው ያወጣሁበት። በማግስቱ አሸዋ ሲያወርድ አየሁና ሁለተኛ አልገባሁም።"

"አቧራው ደረቴን በላው አላልክም?" አለች እህቱ።

"በልቶኛል እኮ" አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ መሰለ። እሷም ሳታስበው ኮቱ ላይ ያረፈውን አሸዋ አራገፈችለት።

መሐንዲሱ ስልክ እየደወለ ብረት ምሰሶ፣ እንጨት፣ አጥር ይላል። ሰሌዳው ገና አልተተከለም ነበር፤ ሁለት ሠራተኞች ገልብጠው ሣሩ ላይ አስተኙት። ልጅቱ ትሪውን አስቀምጣ ከእናቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። መቀሱን በእጇ ይዛ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች።

"እማዬ፣ የታችኛዋ የኔ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ ስትከፍቺው ነው ያወቅሽው?"

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ቃል ስትሸሽ ከርማ አሁንም አንዲት ትንሽ ማምለጫ ቀርታላት ነበር። ባለሞረዷ የልጇን እጅ ይዛ የመቀሱን እንቅስቃሴ አቆመችው።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፣ ልጄ። ያወቅሁት ዓምና ነው፤ ምላጩ ጥፍሬ ላይ እንዳረፈ።"

ልጅቱ ብዙ ዝም አለች። ዝምታዋ የአያቷን ዝምታ ይመስላል።

"ታዲያ ለምን እጅሽ ይባረክ አልሽኝ?"

"ፈርቼ" አለች ባለሞረዷ። "አንቺን ከጠየቅሁሽ፣ የኔን ትጠይቂኛለሽ ብዬ።"

ከዛፎቹ ባሻገር መምህርቷ ተማሪዎቿን እየቆጠረች ነበር። አርባ ሲሞሉላት አላመነችም፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች።